ትንሽ ማስታወሻ፣ ብዙ መረጃ፦ ከጉዞ ምን ይዘን እንመለስ?

ከሩቅ አገር የሚመለስ መንገደኛ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ አይገባም። ላሊበላን ወይም ግሸን ማርያምን ተሳልሞ የሚመለስ ሰው በጨርቅ የቋጠረውን ጥቂት እምነት ለቤተሰቡ ያካፍላል፤ ከሐጅ የሚመለሰው ተምርና የዘምዘም ውኃ ያመጣል፤ ለዕረፍት ወደ ወላጆቹ የሚሄድ ተማሪም ቢሆን አውቶቡሱ በቆመበት ከተማ አንዳች ነገር ሳይገዛ አያልፍም። እነዚህ ነገሮች በገበያ ዋጋቸው የሚመዘኑ አይደሉም። ቁም ነገራቸው አንድ ሰው በአንድ ቦታ በአንድ ቀን እንደነበረ የሚመሰክሩ መሆናቸው ነው።

ይህ ጽሑፍ ከጉዞ ይዘናቸው የምንመለሳቸውን ጥቃቅን ማስታወሻዎች እንዴት ብንመርጥ መልካም እንደሆነ ከሳይንስ አንጻር ለመመልከት ይሞክራል። ጉዳዩ ሲያዩት ተራ ይመስላል። ነገር ግን የሙዚየም ስብስብም ሆነ የጂኦሎጂ ክፍል የናሙና መደርደሪያ ከመንገደኛ ማስታወሻ የሚለየው በመሠረቱ በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ዕቃው ምን ሊናገር እንደሚችል አስቀድሞ ታስቦበታል፤ ከየት እንደመጣም ተጽፎለታል። እነዚህን ሁለት ነገሮች የሚጠብቅ ተማሪ በኪሱ በሚይዘው ብልቃጥ ውስጥ ከባድ ሻንጣ ከሚጎትተው ሰው የበለጠ ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ግማሽ ቁመት፣ አንድ ስምንተኛ ክብደት

የመጀመሪያው ፈተና ክብደት ነው። በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰው በብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቀድለት 23 ኪሎ ግራም ነው። በአውቶቡስ የሚሄደው ተማሪ ሚዛን ባይጠብቀውም ከመናኸሪያ እስከ ቤት ሻንጣውን የሚሸከመው ራሱ ነው። እዚህ ላይ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው ቀላል ጂኦሜትሪ ይረዳናል። የአንድ ዕቃ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት እኩል በግማሽ ሲቀነሱ ይዘቱ የሚወርደው ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ አንድ ስምንተኛ ነው። ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ የባዛልት ድንጋይ 3 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 375 ግራም፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ደግሞ ከ50 ግራም ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ ከሁለት የድንጋይ ቅርጾች አንዱን የሚመርጥ ሰው “ይህኛው በመጠኑ አነስ ይላል” ብሎ የሚያስበው ልዩነት በትከሻው ላይ ሲያርፍ መጠነኛ አይደለም።

ትንሽ ዕቃ ሌላም ጥቅም አለው፤ በቀላሉ አይሰበርም። ከጠረጴዛ ላይ የሚወድቅ ዕቃ መሬት ሲነካ የሚኖረው ኢነርጂ ከመጠነ ቁሱ ጋር ስለሚያድግ የርዝመቱን ኩብ ይከተላል። ስንጥቅ ለመክፈት የሚያስፈልገው ኢነርጂ ግን ከሚሰነጠቀው ገጽ ስፋት ጋር ስለሚሄድ የርዝመቱን ስኩዌር ይከተላል። ዕቃው ባነሰ ቁጥር የሚሰብረው ኢነርጂ ከሚያስፈልገው በታች ይሆናል ማለት ነው። ለጌጥ የምትሠራዋ የጣት ቁመት ያላት የሸክላ ጀበና ከእጅ ወድቃ ብዙ ጊዜ ደኅና የምትገኘው፣ ቡና የሚፈላባት ታላቋ ግን አንገቷ የሚቀነጠሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ከጠጣር ድንጋይ ይልቅ አሸዋን የሚመርጡ ሰብሳቢዎች በዓለም ዙሪያ ብዙ ናቸው። በሻይ ማንኪያ የሚሰፈር ደረቅ አሸዋ 8 ግራም ገደማ ቢሆን ነው፤ 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የመድኃኒት ብልቃጥ ሙሉውን 15 ግራም ይሆናል። ጥያቄው ይህን ያህል ያነሰ ነገር ምን ሊነግረን ይችላል የሚለው ነው።

ከአሸዋ የተነበበ አድራሻ

ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ሁሉ አስገራሚው የመጣው ከጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1944 እስከ ኤፕሪል 1945 ድረስ ጃፓን 9,000 ያህል የወረቀት ፊኛዎችን በሃይድሮጅን ሞልታ፣ ቦምብ አንጠልጥላ፣ በከፍተኛው የአየር ክፍል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ላይ ለቀቀቻቸው። ዒላማቸው ከፓስፊክ ውቅያኖስ ማዶ ያለው የሰሜን አሜሪካ ምድር ነበር። ሌሊት ጋዙ ሲቀዘቅዝ ፊኛው ዝቅ ስለሚል፣ ከፍታውን እንዲጠብቅ የአሸዋ ከረጢቶች ታስረውበት በመሣሪያ አማካይነት ተራ በተራ ይለቀቁ ነበር። ከፊኛዎቹ አንዳንዶቹ የቀሩ ከረጢቶቻቸውን እንደያዙ በአሜሪካ ተገኙ።

ፊኛዎቹ ከየት እንደተነሡ ማንም አያውቅም ነበር። ከከረጢቶቹ የተገኘው አሸዋ ለአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ድርጅት ወታደራዊ ክፍል ተሰጠ። ባለሙያዎቹ አሸዋውን በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ በውስጡ ዳያቶም የሚባሉት ረቂቅ የውኃ ውስጥ ፍጥረታት የመስታወት መሰል ቅርፊት፣ የሌሎች ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ቅሪት፣ እንዲሁም የተወሰኑ ከባድ ማዕድናት አገኙ። የዛጎል ድንጋይ፣ ማለትም ኮራል፣ ግን አልነበረበትም። ኮራል የሚበቅለው በሞቃት ባሕር ስለሆነ ይህ መታጣት ራሱ ምልክት ሆነ፤ ደቡባዊው የጃፓን ጠረፍ ከጥርጣሬ ወጣ። የቀሩትን ምልክቶች ከጦርነቱ በፊት ከታተሙ የጂኦሎጂ ጽሑፎች ጋር እያስተያዩ ፍለጋውን በሆንሹ ደሴት ምሥራቃዊ ጠረፍ ወደሚገኙ ጥቂት የባሕር ዳርቻዎች አጠበቡት። ከጠቆሟቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው ኢቺኖሚያ በእርግጥም ከመልቀቂያ ጣቢያዎቹ አንዱ ነበር።

ከረጢቱን የሞላው ወታደር አሸዋ ያለው አድራሻ የሌለው ክብደት ብቻ መስሎት እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ሆኖም እያንዳንዱ ቅንጣት ከአንድ ዓለት ተፈልፍሎ፣ በአንድ ወንዝ ተንከባልሎ፣ በአንድ ባሕር ታጥቦ የመጣ በመሆኑ የአካባቢውን ታሪክ ይዞ ይዞራል። ድንጋይን በግማሽ ስንቀንስ ክብደቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ የሚናገረው ግን በዚያው መጠን አይቀንስም። ትንሽ ማስታወሻ መምረጥ የሚያዋጣው በዚህ ልዩነት ነው።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን በአምስት ብልቃጥ

ይህን በአገራችን ለመሞከር እንደ ዓባይ ሸለቆ የሚመች ቦታ ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚሄደው መንገድ ጎሃ ጽዮን ላይ ሲደርስ ከደጋው ጫፍ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮም ወደ ደጀን ይወጣል። ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሸለቆው ጥልቀት ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ በዚያ ያለፈ መንገደኛ ሁሉ ጠመዝማዛውንና ሙቀቱን ያስታውሳል። በመስኮት በኩል ሲያልፍ ያየው የዓለት ቀለም ግን ሲለዋወጥ ልብ ያለው ብዙ አይደለም።

በላይኛው ጫፍ ያለው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰውና የኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው እሳተ ገሞራ የተወው ነው። ዝቅ ሲባል ቢጫማና ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ይህ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አገሩን ሸፍኖ በነበረ ባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ነው። ከእርሱ በታች በተለምዶ ጀሶ የምንለው ጂፕሰም ከሸክላማ ድንጋይ ጋር እየተፈራረቀ ተደርድሮ ይታያል፤ ጥልቀት የሌለው ባሕር እየተነነ ሲደርቅ የሚቀር ጨው ነው። ወደ ወንዙ ሲቀረብ ደግሞ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ አለ። ይህም ባሕሩ ከመምጣቱ በፊት በየብስ ላይ በወንዞች የተነጠፈ ደለል ነው። እንግዲህ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከእሳት ወደ ባሕር፣ ከባሕር ወደሚደርቅ ሐይቅ መሰል ውኃ፣ ከዚያም ወደ ጥንታዊ የወንዝ ሜዳ ይወርዳል ማለት ነው።

ከእያንዳንዱ አንድ ብልቃጥ ፍርስራሽ፣ አምስተኛውን ደግሞ ከወንዙ ደለል መውሰድ የሸለቆውን ሙሉ ታሪክ ከ100 ግራም በማይበልጥ ክብደት ይዞ መሄድ ነው። እርግጥ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ለብልቃጥ ሲባል አይቆምም፤ ሹፌሩን መለመንም ከንቱ ድካም ነው። ይህ የሚሆነው ከትምህርት ክፍል ጋር በመስክ ጉዞ ሲወጣ ወይም በራስ መኪና ሲታለፍ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ዓለቱን በመዶሻ መምታት አያስፈልግም፤ ዝናብ ያራገፈውና ከመንገዱ ጠርዝ የተከማቸው ፍርፋሪ ይበቃል። ድልድዩ ጥበቃ የሚደረግለት ስለሆነ በአካባቢው ያለ ፈቃድ ወደ ውኃው መውረድ አይገባም፤ የወንዙን ደለል ለማግኘት ወደ ዓባይ ከሚገቡት ጅረቶች በአንዱ መርካት ይሻላል።

ብልቃጦቹ ቤት ከገቡ በኋላ ለመመርመር ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ከኖራ ድንጋዩ ጥቂት ተፍቆ በዱቄቱ ላይ አቼቶ ቢንጠባጠብ አረፋ ያወጣል፤ የአቼቶው አሲድ ካልሲየም ካርቦኔቱን ሲያፈርሰው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጂፕሰሙ ነጭነቱ የኖራ ድንጋይ ሊያስመስለው ይችላል፤ ነገር ግን አረፋ አያወጣም፣ በጥፍርም ይጫራል። ከአሸዋ ድንጋዩ የረገፉት የኳርትዝ ቅንጣቶች በተቃራኒው ብርጭቆ ይጭራሉ። ከባዛልት አካባቢ በመጣው ደለል ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ማግኔት ቢንቀሳቀስ ማግኔታይት የሚባለው ጥቁር የብረት ማዕድን እንደ ጢም ይለጠፍበታል። ወረቀቱ የግድ ነው፤ አለዚያ ማግኔቱን ከአሸዋው ማጽዳት ግማሽ ቀን ይፈጃል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ደግሞ ብዙ የተጓዘው ቅንጣት ጥጉ ተድበልብሎ፣ ከአጠገቡ ዓለት የረገፈው ሹል እንደሆነ ይለያል።

መለያ የሌለው ወፍ

አምስቱ ብልቃጦች መለያ ወረቀታቸው ቢጠፋ ምን ይቀራል? ባለሙያ የትኛው ኖራ፣ የትኛው ጂፕሰም እንደሆነ መልሶ ሊናገር ይችል ይሆናል። ከየትኛው ተዳፋት፣ ከየትኛው ከፍታ እንደመጡ ግን ማንም አይመልሰውም። በሳይንስ ታሪክ ይህን ስሕተት ከሠሩት መካከል ቻርልስ ዳርዊን ራሱ ይገኛል።

ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1835 ዓ.ም. በጋላፓጎስ ደሴቶች አምስት ሳምንታት ያህል ቆይቶ ብዙ ወፎች ሰብስቦ ነበር። የደሴቶቹ ምክትል አስተዳዳሪ ኤሊ ከየትኛው ደሴት እንደመጣ በቅርፊቱ ሊለይ እንደሚችል ቢነግረውም ወጣቱ ተመራማሪ ለነገሩ ጊዜውን የሚመጥን ትኩረት አልሰጠውም። ዛሬ በስሙ የሚጠሩትን ትናንሽ ወፎች የሰበሰበው አብዛኞቹን ከየትኛው ደሴት እንደተገኙ ሳይጽፍ ነበር። ለንደን ከተመለሰ በኋላ በጃንዋሪ 1837 የወፍ ሊቁ ጆን ጉልድ እነዚያን በምንቃራቸው እጅግ የሚለያዩ ወፎች መርምሮ የአንድ ቤተሰብ ዘመዳሞች መሆናቸውን ሲገልጽ የደሴቱ ስም ድንገት ከወፉ እኩል ዋጋ አገኘ። ዳርዊን በመጨረሻ የመርከቡ አዛዥ ፊትዝሮይና የራሱ ረዳት የሰበሰቧቸውን፣ ከእርሱ ይልቅ በጥንቃቄ የተጻፈባቸውን ወፎች እየተዋሰ የጎደለውን ለመሙላት ተገደደ። በሌላ በኩል ሞኪንግበርድ የተባሉትን ወፎች በየደሴቱ ለይቶ ስለጻፈባቸው ዝርያዎች በየቦታው ይለዋወጡ ይሆናል ወደሚለው ሐሳብ በይበልጥ የገፋፉት እነርሱ ሆኑ። ያው ሰው፣ በያው ጉዞ፣ ጽፎ ያስቀመጠው ረዳው፤ ያልጻፈው አስቸገረው።

በመለያው ላይ የሚጻፈው ብዙ አይደለም፤ የቦታው ስም፣ ከአንድ የታወቀ ነጥብ ያለው ርቀትና አቅጣጫ፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስም። የእጅ ስልክ ያለው ሰው ኬክሮስና ኬንትሮሱን ይጨምርበታል። በእርሳስ ቢጻፍ ይመረጣል፤ የእርሳስ ግራፋይት ካርቦን በመሆኑ በውኃ አይሟሟም፣ በፀሐይም አይደበዝዝም፤ የእስክሪብቶ ቀለም ግን ሁለቱም ያጠፉታል። ወረቀቱ ከብልቃጡ ውጭ ሲለጠፍ ሙጫው ስለሚለቅቅ ሁለተኛ ቅጂ በውስጥ ማስገባት የጠንቃቃ ሰው ልማድ ነው።

በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብልቃጥ ላይ “12/4/2015” ተብሎ ቢጻፍ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 12 ቀን ነው፤ ይህም በጎርጎርዮሳዊው ዲሴምበር 21 ቀን 2022 ይሆናል። ከጊዜ በኋላ የሚያገኘው ሌላ ሰው ግን ኤፕሪል 12 ቀን 2015 ወይም ዲሴምበር 4 ብሎ ሊያነበው ይችላል። ከሰባት ዓመት በላይ ልዩነት ማለት ነው። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የምትለዋን አጭር ምልክት መጨመርና የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ሰዓትም የሚጻፍ ከሆነ እንደዚሁ ነው።

የማይነሣ ድንጋይ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ማስታወሻ ማንሣትን የሚያበረታታ ነው። ነገር ግን በዓባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የጥንት ባሕር ዛጎሎች ቅሪተ አካል ይገኛል፤ የመንገደኛው እጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘረጋውም ወደዚያ ነው። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ውብ ነው። መነሣት የሌለበትም እርሱ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር ወደሚገኘው መልካ ቁንጡሬ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ቦታ ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ የጥንት ሰዎች መሣሪያ የሠሩበት ነው። ከጥሬ ዕቃዎቻቸው አንዱ ባልጩት ነበር። በባልጪት ሜዳ ላይ የዚህ የሚያብረቀርቅ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ስብርባሪ በብዛት ተበትኖ ስለሚታይ ጎብኚው አንዱን ወደ ኪሱ ቢከት ምን ይጎድላል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ከእነዚያ ስብርባሪዎች ብዙዎቹ ግን የሰው እጅ የፈለጣቸው ናቸው። ባልጩት እንደየመገኛው በውስጡ ያለው የሩቢዲየም፣ የስትሮንቲየምና የዚርኮኒየም መጠን ስለሚለያይ፣ በኤክስሬይ ሲመረመር ከየትኛው ቦታ እንደተቆረጠ ሊታወቅ ይችላል። በዚህም ተመራማሪዎች የጥንት ሰዎች ድንጋዩን ምን ያህል ርቀት ተሸክመውት እንደሄዱ ይከታተላሉ። ይህ የሚሆነው ድንጋዩ ሰዎቹ በጣሉበት ቦታ ሲገኝ ብቻ ነው። ስብርባሪውን አንሥቶ ከሁለት ኪሎ ሜትር በኋላ የጣለ ጎብኚ ድንጋዩን አላጠፋውም፤ ታሪኩን ግን አሳስቶታል።

በአገራችን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዛል። እንዲህ ላለው ነገር ተገቢው ማስታወሻ ፎቶግራፍ ነው። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጦ ማንሣት የመስክ ባለሙያዎች የዘወትር ልማድ ነው።

በአሜሪካ አሪዞና ውስጥ በሚገኘው የተደነገየ ደን ብሔራዊ ፓርክ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ወደ ድንጋይነት የተለወጡ ግንዶች አሉ። ጎብኚዎች ስባሪያቸውን በድብቅ ይወስዱና ዓመታት ካለፉ በኋላ አንዳንዶቹ ከጸጸት ደብዳቤ ጋር በፖስታ ይመልሱታል። የፓርኩ ሠራተኞች ግን የተመለሰውን ድንጋይ ወደ ቦታው ሊያስገቡት አይችሉም፤ ቦታው የት እንደነበረ አይታወቅምና። ያለ ዕውቀት ቢበትኑት የቀረውን ምርምር ስለሚያበላሽ ለብቻው ይከመራል። መለያ የሌለው ማስታወሻ ባለቤቱ ቢጸጸትም እንኳ የሚመለስበት የለውም።

አሸዋም ቢሆን በየትም ቦታ ያለ ገደብ የሚታፈስ አይደለም። በኢጣሊያ የሰርዲኒያ ደሴት ከባሕር ዳርቻ አሸዋ መውሰድ በሕግ የተከለከለ ሲሆን ቅጣቱ እስከ 3,000 ዩሮ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት ፈረንሳውያን 40 ኪሎ ግራም አሸዋ በፕላስቲክ ጠርሙሶች ሞልተው ሲወጡ ተይዘዋል። 40 ኪሎ ግራም በእርግጥ ማስታወሻ አይደለም፤ ነገር ግን ሺህ ሰዎች አርባ አርባ ግራም ቢወስዱ ድምሩ ያው ነው። ትንሽነት ሰብሳቢውን እንጂ ቦታውን ሁልጊዜ አያድነውም።

ያማረ አበባ

ሕይወት ያለው ነገር ከድንጋይም የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ድንጋይ አይራባምና። ዛሬ የጣና ሐይቅን ያስጨነቀው እምቦጭ አገሩ የደቡብ አሜሪካ የአማዞን ተፋሰስ ነው። ከዚያ አውጥቶ በዓለም የበተነው ማዕበል ወይም ነፋስ አልነበረም። ሐምራዊ አበባውን የወደዱ ሰዎች በ19ኛው ምዕት ዓመት ለኩሬና ለአትክልት ስፍራ ጌጥ እያሉ ከአገር ወደ አገር ወሰዱት። በአገራችን መኖሩ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ሲሆን፣ በጣና ላይ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከአንድ ተክል ጎን ሌላ እየበቀለ ስለሚባዛ ውኃውን በአጭር ጊዜ ይሸፍናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን የሚያሳልፍበት አጥቶ በእጁ የሚነቅለው አረም በመጀመሪያ አንድ ሰው “እንዴት ያምራል!” ብሎ ያነሣው ማስታወሻ ነበር።

ስለዚህ ዘር፣ ሥር፣ ቅርንጫፍና እርጥብ አፈር ከማስታወሻ ዝርዝር ውስጥ ይወጣሉ። ብዙ አገሮችም አፈር ይዞ መግባትን የሚከለክሉት በአንድ ጭብጥ አፈር ውስጥ የአረም ዘር፣ የፈንገስ ስፖርና የትል እንቁላል ሊኖር ስለሚችል ነው። አሸዋውም ቢሆን ከብልቃጥ ከመግባቱ በፊት በውኃ ተደጋግሞ መታጠብና በምጣድ ላይ በደንብ መድረቅ አለበት። ከአገር ሲወጣ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የዕፅዋትን የዘር ሀብት ያለ ፈቃድ ማውጣትን እንደሚከለክል ማወቅ ይጠቅማል። የተቆላ ቡና በዚህ አይነካም፤ ተቆልቷልና አይበቅልም።

ጨው፣ ቴምብርና ጠገራ ብር

ከገበያ ከሚገዙት ነገሮች መካከል በቀላልነቱ ቴምብርን የሚስተካከል የለም። አንድ ቴምብር የሚመዝነው ከአንድ አሥረኛ ግራም ብዙም አይርቅም። ማኅተም የተመታበት ከሆነ ደግሞ የፖስታ ቤቱን ስምና ቀኑን በላዩ ስለያዘ መለያው አብሮት የተወለደ ማስታወሻ ነው። ከሄዱበት ከተማ ፖስታ ቤት ለራስ አድራሻ አንድ ደብዳቤ መላክ የሚያስወጣው ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

በብረት ላይ የተቀረጸ ቀን ግን ሁልጊዜ አይታመንም። በአገራችን ለረጅም ዘመን መገበያያ የነበረው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር 28 ግራም ይመዝናል፤ በሁሉም ላይ የሚነበበው ዓመት 1780 ነው። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ከሞተች በኋላም በቪየና፣ ከዚያም በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ሳይቀር ያው ዓመት እየተቀረጸበት እስከ 20ኛው ምዕት ዓመት ድረስ ተመቷል። ሻጩ “ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል” ቢል በሳንቲሙ ላይ ያለው ቁጥር ለእርሱ ምስክር ሊሆነው አይችልም።

ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ፣ ከአሳሌ ሐይቅ አካባቢ ተቆርጦ ለገበያ የሚመጣው ጨው በበኩሉ በአንድ ዘመን አሞሌ እየተባለ ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። የአውራ ጣት የሚያህል ስባሪ ግሩም ማስታወሻ ነው፤ ዳሩ ግን የአዲስ አበባን ክረምት አይወድም። ንጹሕ የምግብ ጨው የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ውኃ እየሳበ መሟሟት ይጀምራል፤ ከማግኒዥየም ጨው ጋር የተቀላቀለ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ባነሰ እርጥበትም ያላብጣል። እዚህ ላይ ትንሽነት ይጎዳል፤ ዕቃ ሲያንስ ከይዘቱ አንጻር ለአየር የሚጋለጠው ገጹ ስለሚበዛ ስባሪው ከሙሉ አሞሌው ቀድሞ ይረጥባል። መፍትሔው በበጋ፣ ፀሐይ በበረታችበት ቀትር ላይ አድርቆ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ብልቃጥ መዝጋትና የክዳኑን ዙሪያ በቀለጠ ሻማ መድፈን ነው። መለያ ወረቀቱን ግን በዚህ ጊዜ ከውጭ ብቻ ማሰር ይሻላል፤ ከጨው ጋር የታሸገ ወረቀት እርጥበቱን ይዞ ይገባልና።